እናቴን ላመጣ የሄድኩ ጊዜ

እናቴ ታናሽ እህቴን ልታርስ ቶሮንቶ ስትሄድ ቦሌ ድረስ የሸኘኋት እኔ ነኝ። በሶውን ያስፈጨሁት፣ ቅቤውን ያነጠርኩት፣ የገንፎውን ዱቄት በድርብ ላስቲክ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ይህን የማነሳው ውለታ ለመቁጠር አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመቁጠርም ነው። ልጅ በሰው አገር ወልዳ እናቷን ካልጠራች ማንን ትጥራ ብዬ «ሂጂ እማዬ፣ ቤቱን እኔ እጠብቃለሁ» አልኳት። ክርስትናው እንዳለፈ ትመለሳለች የሚል ስምምነት ነበረን። ክርስትናው አለፈ። ልጁ ጥርስ አወጣ፣ ዳዴ አለ፣ ቆሞ ሄደ። እናቴ ግን አልመጣችም።

የምኖረው ለቡ መብራት ኃይል፣ አባታችን ትቶልን ባለፈው ቤት ነው። አግብቼ ነበር፤ አልሆን ሲል ፈትቼ ወደ እናቴ ተመለስኩ። ልጅ የለኝም። እህቴ በዚያው ሰሞን ከአገር ወጣች፣ እኔ ቀረሁ፣ እናቴን መጦርም በዚያው የእኔ ሆነ። ያከፋፈለን ሰው የለም፤ ዝም ብሎ ሆነ። እኔም እንደነገሩ አልያዝኩትም። እናቴ እኔ ጋ ሳለች ብርጭቆ ከጠረጴዛ አታነሳም። ለቤቱ ሥራ ሠራተኛ አለች፣ ለገበያው እኔ አለሁ። የታክሲ ግፊያ ይጥልብኛል ብዬ ላፍቶ ድረስ ለሚያስኬድ ጉዳይ እንኳ ኮንትራት እጠራላት ነበር። ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው በእኔ ክንድ ነው። የሰፈሩ ሴቶች ልጆቻቸውን ሲመክሩ «እሷን አታዩም፣ እናቷን እንዴት አድርጋ እንደምትጦር» ይላሉ። ይህን ስሰማ ደስ ይለኛል፤ ምን እደብቃለሁ።

መጀመሪያ ሰሞን በቪዲዮ ስንደዋወል እናቴ የምታወራው ስለ እኛው ቤት ነበር። ውሃ መጣ ወይ፣ ሠራተኛዋ እንዴት ናት፣ ማኅበሩ ማን ቤት ገባ። እየቆየ ጥያቄው አነሰ። አንድ ቀን ስደውል አውቶቡስ ውስጥ ሆና አነሳችው። አውቶቡስ ውስጥ፣ ብቻዋን። «አሁን ልወርድ ነው፣ ቤት ስገባ እደውልልሻለሁ» ብላ ዘጋችብኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ሳሎን መሃል ቆሜ ቀረሁ። ሌላ ቀን ደግሞ ቀይ የሱፍ ኮፍያ እስከ ቅንድቧ ደፍታ ብቅ አለች። ከየት አመጣሽው ስላት ጓደኛዬ ሠርታ ሰጠችኝ አለች። እናቴ ጎረቤት ነበራት፣ የማኅበር እህት ነበራት፣ የክርስትና ዘመድ ነበራት። «ጓደኛዬ» የሚለውን ቃል ግን ከአፏ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ኮፍያው አምሮባታል፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አበሳጨኝ።

የሰፈሩ ሰው የራሱ ማብራሪያ ነበረው። እናት ለአራስ ጥየቃ ትጠራለች፣ ከዚያ ሞግዚት ሆና ትቀራለች፤ የታወቀ ነው ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር ይህ ወሬ ያጽናናኝ ነበር። እናቴ ተገድዳ ቀርታ ከሆነ ጥፋቱ የእህቴ ነው፣ እኔም ሄጄ አስለቅቃታለሁ። ቪዛ ጠየቅሁ፣ ተሳካልኝ። ከመሥሪያ ቤቴ የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩ። የእናቴን የመመለሻ ትኬት ከእኔው በረራ ጋር አስደረግሁ። ክፍሏን ቀለም አስቀባሁ፣ ፍራሿን አስለወጥኩ፣ ለማኅበሩ ሴቶችም የሚቀጥለው ተራ እኛ ቤት እንዲሆን፣ እናቴ ራሷ ቁጭ ብላ እንደምትቀበላቸው ነገርኳቸው። ሁሉም መረቁኝ።

ቶሮንቶ አየር ማረፊያ ስደርስ እህቴን ነበር የጠበቅኩት። እህቴ ሥራ ላይ ናት። የቆመችው እናቴ ናት፤ አጠገቧ ደግሞ አንዲት አጠር ያለች፣ ፀጉሯ ነጭ የሆነ የሩቅ ምሥራቅ ሴትዮ ቆማለች። በዕድሜ ከእናቴ ጋር እኩያ ይሆናሉ። ተሳሳምን፣ ተላቀስን። ከዚያ እናቴ ሻንጣዬን ተቀብላኝ መጎተት ጀመረች። ላስጥላት ስታገል ሴትዮዋ ሌላኛውን ሻንጣ ይዛ ወደ ባቡሩ ሄደች። መንገዱን የሚመሩኝ እነሱ ናቸው። አንድ ማቋረጫ ላይ ስንደርስ እናቴ ክንዴን ያዘችና መብራቱ እስኪቀየር አቆመችኝ። ያን ክንድ ስንት ዘመን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ሴትዮዋ ከቬትናም ናት። ባለ ብዙ ፎቅ በሆነው የእህቴ ሕንፃ ውስጥ በር ለበር ጎረቤት ናቸው። ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿ ሌላ ከተማ ይኖራሉ። እናቴ «እህት ዓለም» ትላታለች፤ እሷ ደግሞ እናቴን «እማማ» ትላታለች። ከዚህ በቀር አንድም የጋራ ቋንቋ የላቸውም። አንዷ በአማርኛ ታወራለች፣ ሌላዋ በቬትናምኛ ትመልሳለች፣ ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ። እኔ ከእናቴ ጋር በአንድ ቋንቋ ሳወራ ኖሬ እንዲያ አስቄያት የማውቅ አይመስለኝም።

ያ ሕንፃ የዓለም ሕዝብ በየደጁ የታደለበት ነው። ሊፍቱ ሲከፈት አንድ ቀን የካሪ ሽታ፣ አንድ ቀን የተጠበሰ ዓሣ ሽታ ይቀበላችኋል። ጥምጣም ያሰሩ የሕንድ ሽማግሌ፣ ጋሪ የምትገፋ የሶማሌ እናት፣ ውሻ ያቀፈች ፖርቱጋላዊት፣ ማን የማን አገር ሰው እንደሆነ እናቴ ጠንቅቃ ታውቃለች። ሽማግሌውን «እንደምን አደሩ» ማለት አስተምራቸዋለች፤ ለእኔም አሉኝ። ለቡ ሳለች ከግቢያችን በር ውጭ ያለውን ባለሱቅ ስም እንኳ እኔን ጠይቃ ነበር የምትጠራው። ጉዳዩን ሁሉ እኔ ስለምፈጽምላት አያስፈልጋትም ነበር።

እህቴ ቤት ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። እህቴ በሁለት ሥራ ትሯሯጣለች፤ ድካሟን አልክድም። ግን እናትን እንዲህ ማዘዝ ምን የሚሉት ነው? ከበር ሳትገባ ትጀምራለች። እማ፣ ልጁን ያዢልኝ። እማ፣ ሽንኩርት ክተፊልኝ። እማ፣ ያን ሰማያዊ ሹራቤን የት አደረግሽው? እናቴ ከወንበር ብድግ ቁጭ ስትል ደሜ ፈላ። ሽንኩርቱን ልትከትፍ ስትል ቢላውን ከእጇ ነጠቅኩና «አንቺ ቁጭ በይ፣ እኔ እያለሁ» አልኳት። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ተቀመጠች። ስከትፍ ትክ ብላ ታየኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ምስጋና መስሎኝ ነበር።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። እኔና እህቴ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነን። እኔ አምጥቼ የምሰጥ፣ እሷ ስጡኝ የምትል ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲያ ናት፤ ጫማዋን የሚያስርላት ሰው ትጠራ ነበር። ጫማዬን ራሴ ያሰርኩ እኔ ለቡ ቀረሁ፣ ስጡኝ ባይዋ ካናዳ ሄዳ እናቴንም ወሰደች። ይህን ሳስብ ከሕፃኑ ጋር ሳይቀር ተቀያየምኩ። እናቴ ጀርባዋ ላይ አዝላው ስትወዛወዝ፣ እሱም ጉንጩን ጀርባዋ ላይ ለጥፎ ሲያየኝ፣ በአንድ ዓመት ሕፃን መቅናት ምን ያህል እንደሚያሳፍር አወቅሁ። ቢያሳፍርም ቀናሁ።

አንድ ረቡዕ ምሳ ቀረበ። እናቴ ሽሮ ሠርታለች። ስጎርስ ጥርሴ አንድ ለስላሳ ነገር ላይ አረፈ። ምንድን ነው ስላት ከአኩሪ አተር የሚሠራ፣ አይብ የሚመስል ነገር መሆኑን ነገረችኝ፤ እህት ዓለም ናት ያሳየቻት። ሽሮ ውስጥ! የእናቴ ሽሮ ውስጥ! እኔ አንድ ጊዜ ቃሪያ በሽሮ ላይ ብጨምር «ሽሮ በሽሮነቱ ነው የሚበላው» ብላ የገሠጸችኝ ሴት ናት። ሴትዮዋም ከእኛ ጋር ተቀምጣ በእጇ ትበላለች፣ እንጀራውን አጣጥፋ የምትቆርስበት መንገድ ከእኔ ይልቅ ጨዋ ነው። እናቴ በኩራት አየቻትና እሷም እንደምትጾም አወራችኝ፤ በጨረቃዋ ቆጠራ በወር ሁለት ጊዜ ሥጋ አትነካም አለች። ለማን ነው የምትጾመው ብዬ ጠየቅሁ፣ ትንሽ በክፋት። «እሱን እሷና ጌታዋ ያውቃሉ» አለችና ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ለሴትዮዋ አጎረሰቻት። እኔን ቀጥላ አጎረሰችኝ። ቀጥላ።

ከሕንፃዎቹ ጀርባ መሬት እየሸነሸኑ ለነዋሪው የሚሰጡበት የጓሮ አትክልት ቦታ አለ። እናቴና ቬትናማዊቷ አንድ መደብ በጋራ ይዘዋል። ይህን ሊያሳዩኝ ከምሳ በኋላ ወሰዱኝ። በአንድ ወገን የእኛ ጎመን፣ በሌላ ወገን እኔ የማላውቃቸው ቅጠላ ቅጠሎች፣ መሃል ላይ በሶብላ፤ በሶብላውን ሁለቱም ለየወጣቸው ይጠቀሙበታል። እናቴ ነጠላዋን አጥር ላይ ሰቀለችና በጉልበቷ ተንበርክካ አፈር ውስጥ ገባች። ለዚያ ጉልበት እኔ ስንት ሐኪም ቤት ተመላልሻለሁ። ተነሽ እማዬ ብላት አልሰማችኝም። ሴትዮዋ በቋንቋዋ አንድ ነገር ነገረቻት፣ እናቴ ሳቀች። ምን አለችሽ ስል ቀንድ አውጣ ጎመኑን በላው አለችኝ አለች። እንዴት አወቅሽ ብል ይኸው ቀንድ አውጣውን እያሳየችኝ አይደል ወይ ብላ በእኔም ሳቀችብኝ።

የለቡን ጓሯችንን አሰብኩ። እናቴ ተሞሽራ ስትመጣ አካባቢው ገና እርሻ ነበር፤ ጓሯችን ጎመን፣ ሰላጣ፣ ጤና አዳም ነበረው። እኔ ነኝ በሴራሚክ ያስነጠፍኩት። ጭቃ አዳልጧት እንዳትወድቅ፣ ጎንበስ ቀና እያለች ወገቧ እንዳይቆረጥ ብዬ ነው። ያኔ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ መርቃኛለች። ንጣፉ ዛሬም ያምራል፤ በዝናብ እንኳ ጫማ አያጎድፍም። ያን አስነጥፎ በሰጠ ሰው ፊት በሰው አገር ጭቃ ማቡካት እንደ ስድብ ሆነብኝ። እዚያው አጥሩ ጋ ቆሜ ፊቴን አዞርኩ፤ ቬትናማዊቷ አይታኝ አንድ የበሶብላ ዘለላ ቀጥፋ ሰጠችኝ። አልቀበልም ማለት ይከብዳል፤ ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ጨመርኩት፣ አላሸተትኩትም።

የመመለሻችን ሳምንት ደረሰ። እናቴ ስለ ጉዞው አታነሳም። ሻንጣዋ አልጋ ሥር ነው፣ አንድም ነገር አልገባበትም። እህቴ ሥራ የሄደችበትን፣ ሕፃኑም የተኛበትን ሰዓት ጠብቄ ማድ ቤት ውስጥ ያዝኳት። ሻንጣሽን ላዘጋጅልሽ አልኳት። ክፍሏ ቀለም መቀባቱን፣ ፍራሿ መለወጡን፣ ማኅበርተኞቿ የቤታችንን ተራ ይዘው እንደሚጠብቋት አንድ በአንድ ዘረዘርኩላት። እዚህ እንደ ሠራተኛ እየታዘዘች፣ አውቶቡስ እየጠበቀች፣ አፈር እየቆፈረች ከምትኖር ቤቷ ተከብራ ብትቀመጥ እንደሚሻላት ነገርኳት። ድምፄ ከፍ ብሏል መሰለኝ፣ ሕፃኑ ሲገላበጥ ተሰማን።

እናቴ ጎትታ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ፤ እሷም ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ አንቺ ጦረሽኛል» አለችኝ። «እግዜር ይስጥሽ፤ እንደኔ የተጦረች እናት የለችም። ግን አንድ ቀን እንኳ፣ እማዬ ይህን አድርጊልኝ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ፍርፋሪ በእጄ መሰብሰብ ጀመርኩ። እጄን ይዛ አስቆመችኝ።

«እህትሽ ጨቅጫቃ ናት፣ አውቃለሁ። ያዢ፣ አምጪ፣ ሥሪ ትለኛለች። ማታ ጋደም ስል ታዲያ ደክሞኝ ነው። አንቺ ጋ ሳይደክመኝ ነበር የምተኛው። ሳይደክሙ መተኛት እንዴት እንደሚያስፈራ አንቺ አታውቂውም።»

ለጧሪ እንዲህ ይባላል ብዬ ተናደድኩ። ዛሬም ያን ሳስብ እናደዳለሁ። እናትን ማስቀመጥ፣ እጇን ማሳረፍ፣ ይህ ነው ያደግንበት፤ ሌላ የተማርኩት የለም። ሰፈሩ ሁሉ የመረቀኝ በዚህ ነው። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል አልኳት፣ ስለ ራሴ ነው፣ ቅርብ ስለሆንኩ ናቅሽኝ ማለቴ ነው። አልተቆጣችም። እሱስ እውነት ነው ብላ ሳቀችና ጉንጬን በዚያ አፈር በጠገበ እጇ ዳበሰችኝ። ከዚያ ልጁ የሕፃናት መዋያ እስኪገባ እንደማትመጣ፣ ከዚያም በኋላ ቢሆን ቃል እንደማትገባ በእርጋታ ነገረችኝ። ትኬቷን እህቴ በስልኳ ሰረዘችው። ማልቀሴን እንዳታይ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፈትኩ።

በቀሩት ቀናት አንድ ሥራ ብቻ ነበር የሠራሁት፦ ከእናቴ የሚያስፈልገኝን ነገር መፈለግ። ተቀምጬ አሰብኩ። ሠራተኛዋ ከወጣች ወዲህ ምግቤን ራሴ እሠራለሁ፣ ደመወዜ ይበቃኛል፣ ስታመም ሐኪም ቤት ራሴ እሄዳለሁ፣ ስፋታ እንኳ ፍርድ ቤት የቆምኩት ብቻዬን ነው፤ እሷን ላለማስጨነቅ። አንድ ከሰዓት በኋላ ቧንቧው አጠገብ ቆሜ «እማዬ፣ ውሃ ስጪኝ» አልኳት። አየችኝ፣ ቧንቧውን አየች፣ ውሃውን ቀድታ ሰጠችኝና ሆዷን ይዛ ሳቀች። ለቬትናማዊቷም በምልክት ነገረቻት፤ እሷም ሳቀች። የሚያስፈልገኝ እሷ ራሷ ናት። ቤቱ ሲመሽ ያስጠላኛል፣ ከሥራ ስገባ የምጠራው ሰው የለኝም፣ ለአንድ ሰው ወጥ መሥራት ሰልችቶኛል። ይህን ልነግራት ስንት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ልምዱ የለኝም። ለቡ ሳለን «ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ ነው» እያልኩ ከሥራ እየሮጥኩ እገባ የነበረው ማን ብቻውን እንዳይሆን እንደነበር አሁን ገባኝ።

የምሄድበት ቀን እህቴ ከሥራ መቅረት አልቻለችም፤ በሩ ላይ አቅፋኝ አለቀሰችና ልጁን ይዛ መዋያ ልትጠይቅ፣ ከዚያም ለሶማሌዋ ጎረቤት አደራ ሰጥታው ወደ ሥራዋ ሮጠች። አየር ማረፊያ የሸኙኝ እነዚያ ሁለቱ ናቸው። እናቴ የአውቶቡሱን ማስቆሚያ ቁልፍ ተጫነች፣ ባቡሩ የሚቆምበትን ጠቆመችኝ፣ ሻንጣዬ ከብዶ እንዳያስከፍለኝ አስመዝና አረጋገጠች። ለማኅበርተኞቿ የምትልከውን ሰላምታ አንድ በአንድ አስጠናችኝ። ክፍሌን አታከራዪው አለችኝ፣ እየቀለደች ይሁን የምሯን ይሁን ለየሁ አልልም።

መንገደኛ ብቻ የሚያልፍበት ጋ ስንደርስ ተሳሳምን። በይ እንግዲህ፣ አውቶቡሱ ሳያመልጠን ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። ሴትዮዋም ጎንበስ ብላ ተሰናበተችኝ። ዞረው ሁለት እርምጃ ያህል እንደሄዱ፣ ሳላስበው፣ ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጠራኋት።

«እማዬ፣ አትሂጂ» አልኳት። ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር። «እስክገባ ቁሚልኝ። ዞር ስል እንዳላጣሽ።»

እናቴ ተመለሰች። ቦርሳዋን ለጓደኛዋ ሰጠችና እጆቿን አጣምራ፣ ለሥራ እንደተጠራ ሰው ቀጥ ብላ ቆመች። «እዚሁ ነኝ፤ አንቺ ብቻ ሂጂ» አለችኝ።

ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ወዲያና ወዲህ የሚጠመዘዝ። በተጠመዘዘ ቁጥር ዞር እላለሁ፤ እናቴ እዚያው ናት። አውቶቡሱ እንዳመለጣቸው ግልጽ ነው። አንዴ እጇን አውለበለበችልኝ፣ አንዴ ደግሞ ወደፊት ሂጂ ብላ በአገጯ ጠቆመችኝ። ጫማዬን አውልቄ ሳስቀምጥ ለመጨረሻ ጊዜ ዞርኩ። አልተነቃነቀችም። ቬትናማዊቷ በአንድ እጇ የእናቴን ቦርሳ ይዛለች፤ በሌላው የእናቴን ክንድ። ክንዷን እንድትለቅላት በሆዴ ለመንኳት። አልለቀቀቻትም።